የመጨረሻዋ ዙር

«ስንት ደቂቃ ቆየባት?» አለች ሐኪሟ።

መካኒኩ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም እሱን አየችው። በመሐላቸው የተቀመጠችው ልጃቸው በጫማዋ ጫፍ የጠረጴዛውን እግር ቀስ እያለች ትመታለች።

«ረጅም ነው፣ ዶክተር» አለ።

«አሥር ደቂቃ ይሆናል» አለች ሚስቱ። «እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም።»

«አሥር እንኳ አይሞላም።»

«አንተ በሩን ይዘህ ትንቀጠቀጥ ነበር እንጂ ምኑን አይተህ ነው?»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለቁጣ የማትቸኩል፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስትጠይቅ የዋለች ሴት ነበረች። «ልጁ ወድቆ ሲንዘፈዘፍ ለሚያይ ወላጅ አንዷ ደቂቃ ቀን ሙሉ ናት» አለች። «አልፈርድባችሁም። እኔ ግን መድኃኒቷን የምመጥነው እናንተ በምትነግሩኝ ነው።»

ያለፈው ስሕተት ገና ትኩስ ነበር። ሐኪሟ ለክፉ ቀን ብላ፣ መርፌ በሌለው ትንሽ ስሪንጅ በልጅቷ ጉንጭ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ሰጥታቸው ነበር። እነሱም ልጅቷ እንደወደቀች፣ ገና ዓይኗ ሲገለበጥ፣ ተሽቀዳድመው ጨመሩላት። መንዘፍዘፉ ለካ በራሱ ሊለቃት ነበር። መድኃኒቱ ከድካሟ ላይ ተደርቦ ትንፋሿን እንደ ክር አቀጠነው፤ የተረፈችው ሆስፒታል ደርሳ ኦክስጅን ተደርጎላት ነው።

«ስለዚህ ስሙኝ። ከአምስት ደቂቃ በፊት አትስጧት። አምስት ካለፈ ደግሞ ምንም አትጠብቁ፤ በቆየ ቁጥር መልቀቁ እየከበደ ይሄዳል፤ ይጎዳታል። መቅደምም ጥፋት ነው፣ መዘግየትም ጥፋት ነው። በግምት አይሆንም። ሰዓት ያዙ።»

ልጅቷን ቤት ውስጥ ፌንጣ ይሏታል። በቅጡ መራመድ ሳትችል መዝለል ስለጀመረች አባቷ ያወጣላት ስም ነው። በሽታው ከመጣ ወዲህ ዝላዩ ቀርቶ ስሙ ብቻ ተርፏል።

መጀመሪያ የሞከሩት በስልክ ነበር። ልጅቷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ስትወድቅ መካኒኩ ስልኩን ከኪሱ መዥረጥ አደረገው፤ ግሪስ የነካው ጣቱን ግን ስልኩ አላውቅህም አለው። በሸሚዙ ጠርጎ እንደምንም ከፍቶ ቆጣሪውን ሲያስነሣ የሚስቱ ወንድም ደወለ። ዘጋበት። ደገመ። ዘጋበት። «ምነው ትጠረቅምብኛለህ፣ ሰው አይደለሁም?» የሚል መልእክት መጣ። ልጅቷ ስትረጋጋ ስልኩ ላይ የነበረው የአማቹ ቅሬታ ብቻ ነው። ቀጥሎ ቁጥር የሚያሳይ የባትሪ ሰዓት ገዛ። አዝራሮቹ ምስር ያካክላሉ፤ ቆጣሪውን አስነሣሁ ሲል መብራቱ ይበራል፣ መብራቱን አጠፋሁ ሲል ደወሉ ይጮኻል። እሱንም ለምዶት ሳያበቃ አንድ ቀን በሥራ ላይ እንዳለ ፊቱ ባዶ ሆኖ አገኘው። ባትሪው አልቋል። መቼ እንዳለቀ ግን የሚያውቅ የለም።

«ሳይሰናበት ሞተ» አለው ለሽቦ።

ሽቦ የጋራዡ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ሥራውና ቅጥነቱ ተባብረው ስም ሆነውለታል። «ባትሪ እንደሱ ነው፣ አለቃ» አለ። «የቀን ሠራተኛ ነው። ሲበቃው ደህና ዋሉም አይልህ።»

«ዛሬ ብትወድቅ ኖሮስ?»

ሽቦ ለዚህ ቀልድ አላገኘለትም።

ሰዓቷን ያገኛት በዚያው ሰሞን ነው። ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ፣ በሁለት ሕንፃዎች መሐል ከተሰነቀረች፣ ከቁም ሣጥን ብዙም የማትሰፋ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ሻጭ አለ። መካኒኩ የፍሬን ሸራ ሊገዛ ሲያልፍ በመስታወቱ ውስጥ አያትና እግሩ አልሄድ አለው።

ፊቷ የወተት ቀለም ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ክቦች አሏት፤ አንደኛዋ ውስጥ ቅንጣት የምታህል ቆጣሪ ትሽከረከራለች፤ ሌላኛዋ ደቂቃ ለማጠራቀም ባዶዋን ተቀምጣለች። ከመሐል የተነሣች፣ እንደ መርፌ የቀጠነች ሰማያዊ ቆጣሪ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። በጎኗ፣ ከመሙያዋ በላይና በታች፣ ለትልቅ ጣት የሚመቹ ሁለት አዝራሮች አሉ።

«ሰማያዊዋ አትሄድም» አለ መካኒኩ። «ተበላሽታለች?»

«ትእዛዝ እየጠበቀች ነው» አለ ሰዓት ሻጩ። «ተጫናት፣ ወንድሜ። አትነክስም።»

ተጫነ። ጠቅ አለች። ብረት ለብረት ቦታ ሲለቅ ጣት ላይ የሚደርሰውን ያንን ስሜት መካኒኩ ያውቀዋል፤ ማርሽ በትክክል ሲገባ መዳፍ ላይ እንደሚሰማው ያለ ነው። ሰማያዊዋ ተነሥታ መንገድ ጀመረች። ደግሞ ሲጫን ቆመች፤ የቆመችበትንም አልለቅ አለች። የታችኛውን ሲጫን ዓይን ሊከተላት ሳይችል ተመልሳ ላይ ቆማ ተገኘች።

ሻጩ ገለበጣት። ጀርባዋ መስታወት ነው። ዕድሜውን በሙሉ በዘይት የጠቆረ የማርሽ ጥርስ ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ጥርስ አይቶ አያውቅም። አንዲት የብረት ጎማ ወዲያና ወዲህ እያለች ትተነፍሳለች። አዝራሩን ሲጫን አንዲት ቀጭን ክንድ ተንሸራትታ አንዱን ጥርስ ከሌላው ጋር አገናኘች።

«ክላች ነው!» አለ። «ክላች ነው እኮ ይኼ!»

«ታዲያ ምን መሰለህ? ባትሪ የላትም። ቀለቧ የራስህ ጣት ነው።»

«ውድ ትሆናለች።»

«ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ባለ ትልልቅ ስም ሰዓቶች አሉ። እነሱን የፈለገ ቤቱን ሸጦ፣ ሰዓቱን አስሮ በረንዳ ላይ ያድራል። ይቺ ስም የላትም፤ ሥራ ግን አላት። የደህና ጫማ ዋጋ ናት።»

መካኒኩ ወደ እግሩ ተመለከተ። ጫማው ከተለወጠ ቆይቷል፤ ይቆያል።

«ጠዋት ጠዋት እምቢ እስክትል ሙላት» አለ ሰዓት ሻጩ ማሰሪያዋን በእጁ ልክ እየበሳ። «ሰማያዊዋ ስትነሣ ጉልበቷን ትሻማታለች። ሆዷ ጎደሎ ከሆነ መሐል መንገድ ላይ ትደክማለች።»

«እሺ» አለ መካኒኩ፤ እንደሰማም ቆጠረው።

ጣቶቹ ግን የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ለጀማሪዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ «ብሎን የምትበጥሰው የመጨረሻዋ ዙር ናት። ጠበቀ ስትል ተው።» እምቢ እስኪል የሚያጠብቅ መካኒክ ዕድሜውን የተበጠሰ ብሎን ሲቦረቡር ይኖራል። ስለዚህ በየጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓቷን ሲሞላ፣ መሙያዋ ከጣቱ ጋር መታገል ገና ስትጀምር ያቆማል። ያቺን የወረቀት ያህል የሳሳች ስፕሪንግ በዓይነ ኅሊናው ያያታል። በሳሳላት ቁጥር የሚያቆመውም ቀደም ብሎ ሆነ።

ልጅቷ ሰዓቷ በመጣች በሳምንቱ ጠዋት፣ ፀጉሯን እየተሠራች ከእናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። መካኒኩ ሳያይ፣ በሌላው እጁ ብቻ፣ አዝራሩን ተጫነ። ሰማያዊዋ ተነሣች። እሱም ዓይኑን ሰካባት። አንድ ጊዜ ዞረች፤ በትንሿ ክብ ውስጥ የደቂቃዋ ቆጣሪ አንድ ተንፏቀቀች። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ የልጅቷ ትከሻ ለዘብ አለ፣ ትንፋሿ ተመለሰ። ጠቅ። ሰማያዊዋ ባለችበት ቀረች።

«እይ» አለ ለሚስቱ። ሰዓቷን ወደ እሷ አዞረ። «ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ይኸው፣ እያት።»

ሚስቱ አይታ አለቀሰች። ያ ወሰን የሌለው የመሰላቸው ነገር እንዲህች ባለች ክብ ውስጥ ጀምሮ እንዲህች ባለች ክብ ውስጥ ያልቃል። ሐኪሟም ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ። «እንደዚህ ስትነግሩኝ እኔም እጄ አይታሰርም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቷ የቤት ሰው ሆነች። ፌንጣ የታችኛውን አዝራር ትወዳለች፤ ሰማያዊዋ ዘላ ስትመለስ «ቤቷ ገባች!» ብላ ትስቃለች። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሽቦ አንድ መኪና ለመነሣት ሲያቃስት «ሰዓት ያዝለት፣ አለቃ! ያዝለት!» እያለ ይጮኻል። የመኪናው ባለቤት ከአጠገቡ ቆሞ ላብ ሲጠመቀው፣ «አይዞዎት፣ እስካሁን ከያዝናቸው ሁሉ ሁለተኛ ወጥቷል» ይለዋል።

ሚስቱ ግን እየቆየ አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ልጅቷ በወደቀች ቁጥር ባሏ አጠገባቸው ተንበርክኮ አለ፤ ግን የለም። ዓይኑ እጁ ላይ ነው። እሷ የልጇን ምራቅ ስትጠርግ፣ አንገቷን ስታቃና፣ ስሟን ስትጠራ፣ እሱ አንዲት ሰማያዊ መርፌ ትዞር እንደሆነ ይመለከታል።

«ልጅህ ወዲህ ናት» አለችው አንድ ጊዜ። «ፊቷን ብታይ ምን ትሆናለህ?»

«ማን ይያዝ ታዲያ?»

«ያዝ። ግን አንዳንዴ እያት። ስትነቃ መጀመሪያ የምትፈልገው እኮ አንተን ነው፤ ቀና ስትል ግን አናትህን ነው የምታየው።»

እውነቱ፣ ያንን የተጣመመ አፍና የተገለበጠ ዓይን ማየት አይችልም። ሰማያዊዋ ግን ምንም ቢመጣ ፊቷ አይለወጥም። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል፤ እሱ የጨበጠው ይህንን ነው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «አያታለሁ።»

ቃሉን የሚጠብቅበት ቀን ብዙ አልቆየም።

የዕረፍት ቀን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ሚስቱ ከልብስ ንጽሕና ቤት በክፍያ የተቀበለቻቸውን ሸሚዞች ትተኩሳለች። ራዲዮው መስኮቱ ላይ ተቀምጦ የዜናውን ሙዚቃ ጀምሯል። መካኒኩ ሰዓቷን እጁ ላይ አስሮ ገና መቀመጡ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ ፌንጣ ይዛት ነበር፤ ሰማያዊዋን ስታስሮጥና ቤቷ ስታስገባ አርፍዳለች።

ልጅቷ ከወንበሩ ላይ ያለ ድምፅ ተንሸራተተች።

እናትየው ካውያውን አቁማ፣ አንድ የተጣጠፈ ሸሚዝ ከጭንቅላቷ ሥር አስገብታ፣ በጎኗ አስተኛቻት። መካኒኩ አዝራሩን ተጫነ። ጠቅ። ሰማያዊዋ ተነሣች።

ቃሉን አስታወሰ። ዓይኑን ከእጁ ላይ አንሥቶ ልጁን አየ። ጥርሷ ተገጥሟል፤ ጉንጯ በአንድ ወገን እየተሳበ ይመለሳል፤ ዓይኗ ነጩ ብቻ ነው። እግሯ የመተኮሻውን ጠረጴዛ እንዳይመታ ያዘው፤ በመዳፉ ውስጥ እንደ ሞተር ይንዘፈዘፋል። ማየቱን ግን አልተወም። አልፎ አልፎ ብቻ ሰዓቷን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ፣ ደቂቃ የምታጠራቅመውን ትንሿን ክብ አንብቦ ይመለሳል።

«ስንት ሆነ?» አለች ሚስቱ።

«አንድ አለፈ።»

«ፌንጢ። ፌንጢዬ። አለሁ፣ እናትሽ አለሁ።»

ራዲዮው ያወራል። የልጅቷ ከንፈር መጥቆር ጀመረ።

«አሁንስ?»

«ሁለት።»

«ከንፈሯን እየው።»

«አያለሁ። እያየሁ ነው።»

ላብ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ወረደ። በትከሻው ጠረገው። እግሯ ከእጁ አመለጠ፤ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታው፤ ካውያው ወደቀ። ገመዱን ነቀለ። ተመልሶ ያዛት።

«ረዘመ» አለች ሚስቱ።

ወደ እጁ ገረፍ አደረገ። «ገና ሁለት ነው።»

«ቅድምም ሁለት አልክ!»

«ሦስት ሊሆን ነው እንግዲህ!»

«ረዘመ እልሃለሁ! ይኼ እንደ ሌላው አይደለም፣ አይለይህም?» ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ ስሪንጁን አወረደች። «ልሰጣት ነው።»

የእጇን አንጓ አፈፍ አድርጎ ያዛት። «ባለፈው እንዲሁ ብለሽ ነው የሰጠሻት!»

«የሰጠሻት? አብረን አይደለም የሰጠናት?»

«ትንፋሿ ሲቆም ረሳሽው? እንዴት እንደነበረች ረሳሽው?»

«ልቀቀኝ! ሞኝና ወረቀት! ልቀቀኝ!»

«ሦስት አልሞላም! ይኸው እይ፣ ራስሽ እይ!» ሰዓቷን ወደ ፊቷ ገፋት።

ሚስቱ አየች። እስከዛሬ በሥራ ላይ እያለች ከቅርብ አይታት አታውቅም ነበር።

«አትሄድም» አለች።

«ምን?»

«ሰማያዊዋ። አትሄድም።»

መካኒኩ እጁን ወደ ራሱ መለሰ። ሰማያዊዋ ወደ ታች ተዘቅዝቃ ቆማለች። በግራ ያለችው ቅንጣቷም ቆማለች። ሰዓቷ ሙሉ በሙሉ ቆማለች። አናወጣት፤ ጥቂት ሄዳ ቆመች። ደግሞ አናወጣት፤ ጥቂት ሄዳ ቆመች። የያዘውን የሚስቱን እጅ መቼ እንደለቀቀው አላወቀም።

እሷ አልጠበቀችውም። የልጅቷን ጉንጭ በጣቷ ከፍታ መድኃኒቱን ቀስ እያለች ጨመረች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። እስካሁን ያ መድኃኒት ኃይለኛ ሆኖ ነበር የሚፈሩት፤ አሁን ኃይል እንዲኖረው ለመኑት። አልለቀቃትም። ላላ ያለ መስሎ እንደገና ያዛት።

«ተነሥ» አለች ሚስቱ። «ተሸከማት። ተነሥ እንጂ!»

ሽቦ በዕረፍት ቀኑ የግል ደንበኛ መኪና ይዞ ጋራዡ ውስጥ ነበር። አለቃው ልጁን አቅፎ በባዶ እግሩ ሲመጣ ሲያይ መፍቻውን ጥሎ፣ ኮፈኑን ከድኖ ሞተሩን አስነሣ። መብራት ሲይዛቸው ጣሳት፤ ጥሩምባውን እየነፋ በእግረኛ መንገድ ጫፍ ላይ ወጣ። ከኋላ እናትየው ልጇን እያቀፈች ስሟን ትጠራለች። መካኒኩ ከፊት ተቀምጦ ወደ ኋላ ዞሮ የልጁን እግር ይዟል። በግራ እጁ ላይ ሰዓቷ አንዳንዴ በመንገዱ ንዝረት ትነሣለች፣ ትቆማለች።

የድንገተኛ ክፍሉ ተረኛ ሐኪም ወጣት ነው። ነርሷ የልጅቷ ክንድ ላይ ሥር እየፈለገች፣ እሱ ከራስጌዋ በኩል ጎንበስ ብሎ ጠየቀ።

«መቼ ጀመራት?»

እናትየው ወደ መካኒኩ አየች፤ መካኒኩ ወደ ሰዓቷ።

«መድኃኒት ሰጥታችኋታል? በስንተኛው ደቂቃ?»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። ሰዓቷ ከሦስት በታች ትላለች። ያንን ቁጥር ቢናገረው እንዴት እንደሚያምር፣ እንዴት ንጹሕ ሆኖ እንደሚሰማ አሰበ፤ በሚቀጥለው ቅጽበት በራሱ ሐሳብ ደነገጠ። «አላውቅም» አለ። «ሰዓቴ ቆማ ነበር። እየሠራች መስሎኝ ነው የጠበቅኩት።» ከግድግዳው ሰዓት ጋር ማስተያየትም ከንቱ ነው፤ ሲያናውጣት ሄዳለች፣ መኪና ላይ ሄዳ ቆማለች።

«በግምትስ?»

«ራዲዮ» አለች ሚስቱ ድንገት። «ራዲዮው ዜና ሲጀምር ነው የወደቀችው። ሙዚቃውን ሰምቻለሁ።»

«መድኃኒቱን ስትሰጧትስ?»

ዓይኗን ጨፈነች። እጇ አሁንም ስሪንጅ የያዘ ይመስል ተጨብጧል። «ስለ ኳስ ያወራ ነበር። ማን ማንን እንዳሸነፈ።»

ሐኪሙና ነርሷ ተያዩ። «ስፖርት ላይ ደርሶ ነበር?» አለ። «ከአሥርም ያልፋል እንግዲህ። መንገዱ ሲጨመርበት…» ቀሪውን ለነርሷ በዝቅተኛ ድምፅ ነገራት። መጋረጃው ተሳበ።

በመተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሁለቱ ጎን ለጎን ሳይሆኑ፣ በሁለቱ ጫፎች ተቀመጡ። ሽቦ በመሐላቸው ባለው ባዶ ቦታ ፊት ለፊት ቆመ። አንድ ነገር ሊል ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አለቃ…»

«ሂድና ውሃ ፈልግልን» አለችው ሚስቱ። ሄደ። ከቀልድ ስላዳነችው እግሩ ቀለለው።

ከመጋረጃው ጀርባ የጫማ ድምፅ፣ የብረት ሳሕን ድምፅ ይሰማል። መካኒኩ ባዶ እግሩን አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

«ለምን ቆመች?» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፤ እሱም የፈራው እርጋታውን ነው።

«ሙሉ አልሞላኋትም።»

«ረሳህ?»

«አልረሳሁም። አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። ግን እስከ ጫፍ አልሞላትም።»

«ለምን?»

«እንዳትበጠስ።»

ሚስቱ ዞራ አየችው። «እንዳትበጠስ» አለች። ደግማ፣ ቃሉን በአፏ ውስጥ እንደምትመዝን፣ «እንዳትበጠስ» አለች። ፊቷ ለሳቅ የተዘጋጀ መሰለ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። መዳፏን አፏ ላይ ጭና ወደ ግድግዳው ዞረች። እሱም ሊነካት እጁን ዘርግቶ አየር ላይ አቆመው፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ሊመሻሽ ሲል ነርሷ ጠራቻቸው። መንዘፍዘፉ ለቋታል። ትንፋሿ ደህና ነው። እስክትነቃ ግን ምንም ማለት አይቻልም። አንድ ሰው መቀመጥ ይችላል አለች፤ ሁለቱም ገቡ፤ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ፌንጣ በትልቁ አልጋ ላይ ትንሽ ሆናለች። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አለ። እናቷ በግራ፣ አባቷ በቀኝ ቆሙ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፤ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች።

«ውሃ» አለች። ቃሉ ከወፍራም ጨርቅ ሥር እንደወጣ ነበር።

እናቷ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሐኪሙ መጣ። በትንሽ መብራት ዓይኗን አየ፤ ጣቱን በግራ እጇ አስጨበጣት፤ ጨበጠች። ወደ ቀኙ ዞረ። «አሁን በዚህኛው። ጨብጪኝ፣ እናቴ። በርቺ።» ቀኝ እጇ አንሶላው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ደግሞ ጠየቃት። ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች፣ ጥረቷ ይታያል፤ እጁ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አልተንቀሳቀሰም።

«ብዙ ከቆየ በኋላ እንዲህ ያጋጥማል» አለ ሐኪሙ ወደ ወላጆቹ ዞሮ። «ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።»

«ሁልጊዜስ?» አለ መካኒኩ።

ወጣቱ ሐኪም ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አስተካከለ። «ነገ እናያለን። ሲነጋ እናያለን።»

ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ሚስቱ የልጅቷን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ስታርስ እጅጌዋ ተሰበሰበ። መካኒኩ በአንጓዋ ላይ የራሱን የጣቶች አሻራ አየ፤ አራቱ በአንድ ወገን፣ አውራ ጣቱ በሌላው፣ ቀልተው አብጠዋል። የብሎን መፍቻ የሚይዝ እጅ ነው ያንን ያደረገው።

ያየውን እንዳየ አወቀች። እጅጌዋን አላወረደችም።

«ሁለተኛ እንደዚያ ብትይዘኝ» አለች ቀስ ብላ፣ ጨርቁን እየጨመቀች፣ «እነክስሃለሁ።»

«ንከሺኝ።»

«አጥንትህ ድረስ ነው የምነክስህ።»

«እሺ። ንከሺኝ።»

«ማነው…» አለች ልጅቷ። ምላሷ ከበዳት። «ማነው የሚነክሰው?»

ሁለቱም ዘለው ጎንበስ አሉ። «ማንም፣ ማንም፣ ፌንጢዬ» አለች እናቷ። «አባትሽን ነው። ቀልዴን ነው።»

«አባዬ የታለ?»

«ይኸው። ወዲህ ነው። ዓይንሽን አዙሪ፣ ይኸው።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ቀኝ አዞረች። አባቷ ፊቱን ከፊቷ ጋር ትይዩ አድርጎ ቆመ። አየችው። ብዙ አየችው፤ እሱም ዓይኑን አላነሣም።

ሚስቱ በአልጋው ላይ ተሻግራ ያቺን የማትንቀሳቀስ ትንሽ እጅ ከአንሶላው ላይ አነሣቻትና በመዳፉ ውስጥ አኖረችለት።

«ያዝ» አለችው።

ያዘ። እጇ ሞቃት ነበር፤ መልሳ ግን አልያዘችውም። ጣቶቿን በራሱ ጣቶች አንድ በአንድ አጥፎ መዳፏን ዘጋላት፤ ሲለቃቸው ተመልሰው ተከፈቱ። እንደገና አጠፋቸው። ነርሷ መብራቱን ልታበራ ስትገባም ያንኑ ያደርግ ነበር።